ከአሜሪካ የመጡ የፊልም ዲስኮች አዲስ አበባ ላይ አልጫወት አሉ፤ ምን ይሻላል?

የአራት ኪሎው (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ቤት ስትቀይር ለዓመታት የሰበሰበቻቸውን የፊልም ዲስኮች ሻንጣ ሞልታ በዘመድ ላከችልኝ። አብዛኛው ዲቪዲ ነው። ሰማያዊ ሳጥን ያላቸው፣ ከዲቪዲ የጠራ ሥዕል አላቸው የሚባሉ ብሉሬዮችም ብዙ ናቸው፤ ጥቁር ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ ጥቂት «አራት ኬ» የሚባሉም አሉበት። ስማቸውን ስሰማ የኖርኩ፣ በወጉ ግን አይቻቸው የማላውቃቸው ፊልሞች ናቸው፦ የጃፓናዊው ዳይሬክተር የኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ»፣ «የዓረቢያው ሎውረንስ»፣ የጀርመኑ ድምፅ አልባ «ሜትሮፖሊስ» እና ሌሎችም።

ችግሩ ማየት አለመቻሌ ነው። መርካቶ የገዛሁት ብሉሬይ ማጫወቻ ዲቪዲዎቹን ከዋጠ በኋላ ዲስኩ ለዚህ አካባቢ አልተፈቀደም የሚል መልእክት አውጥቶ ይቆማል። ከብሉሬዮቹ «የዓረቢያው ሎውረንስ» ያለምንም ችግር ሲሠራ «ሰባቱ ሳሙራይ» ጭራሽ አልነቃነቅ አለኝ። ሁለቱም ከአንድ አገር የመጡ፣ ሁለቱም ጭረት የሌለባቸው ናቸው። አራት ኬዎቹንማ ማጫወቻው ዲስክ መሆናቸውንም የሚያውቅ አይመስልም።

ማጫወቻ ከውጭ ላስመጣ ወይስ ያለውን ላስተካክል? ካስመጣሁስ ከአሜሪካ ነው ከዱባይ? እዚህ ያሉት የእህቴ ልጆች ደግሞ «አጎቴ፣ በዚህ ዘመን ዲስክ?» እያሉ ይሥቁብኛል። ለእነርሱም መልስ የሚሆን ነገር ካላችሁ ስጡኝ።

ጠጋኙ (መርካቶ)

ወንድሜ፣ ዲስኮችህም ማጫወቻህም ደኅና ናቸው። የተጣሉት በቀጠና ነው።

ፊልም ሠሪዎቹ ዓለምን ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ቀጠና ቁጥር ሰጥተዋል። ለዲቪዲ አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው፤ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና ጃፓን 2፤ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሩሲያና ከህንድ ጋር 5 ውስጥ ናት። ሳጥኑን ገልብጠህ ብታየው የዓለም ካርታ የምትመስል ትንሽ ሥዕል ላይ ቁጥሩ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ብሉሬይ ደግሞ በፊደል ነው የሚሄደው፦ አሜሪካና ጃፓን ኤ፣ አውሮፓና አፍሪካ በሙሉ ቢ፣ ሩሲያ፣ ህንድና ቻይና ሲ። አንድ ጊዜ ተሠርቶ የተከለለ ነገር ስለሆነ ሻጩም ገዢውም ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

«ሎውረንስ» የሠራልህና «ሳሙራይ» እምቢ ያለህ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ፊልሙን በመላው ዓለም የሚሸጡት ራሳቸው ስለሆኑ ብሉሬያቸውን ብዙ ጊዜ ክፍት ይተዉታል። «ሰባቱ ሳሙራይ» ግን የጃፓን ፊልም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የሚያሳትመው ክራይቴሪየን የተባለ ድርጅት የሰሜን አሜሪካ መብት ብቻ ስላለው ብሉሬዩን በኤ ይቆልፈዋል። አውሮፓ ውስጥ የዚያው ፊልም መብት የሌላ ነው። ስለዚህ የአንተ የቢ ማጫወቻ ቢከለክለው አይገርምም።

አራት ኬው ሌላ ጉዳይ ነው። እርሱ ላይ ቀጠና የሚባል ነገር የለም፤ ከየትም ይምጣ ከየትም ይጫወታል። ነገር ግን ተራ ብሉሬይ ማጫወቻ አያነበውም፤ ለእርሱ የተሠራ ማጫወቻ ይፈልጋል። ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 (የጌም ማጫወቻ) ያለው ጎረቤት ካለህ ለጊዜው እርሱ ይበቃሃል።

ለዲቪዲው ገንዘብ አታውጣ። እዚህ የሚሸጡ ርካሽ የቻይና ዲቪዲ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ለሁሉም ቀጠና የተከፈቱ ናቸው። የአንተም ቢሆን ለዲቪዲ የሚከፈትበት መንገድ ሊኖረው ይችላል፤ ብዙዎቹ የዲስክ መሳቢያው ክፍት እያለ በሪሞት የተወሰነ ቁጥር ሲገባላቸው የቀጠና ዝርዝር ያወጣሉ። ቁጥሩ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የማጫወቻህን ሞዴል ጻፍልኝ። የብሉሬዩ ቀጠና ግን በሪሞት አይነካም፤ ውስጡ መከፈት አለበት፣ እኔም አልመክርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ኮምፒውተር ላይ አየዋለሁ» ብለህ የኮምፒውተሩን የዲቪዲ ማንበቢያ ቀጠና ወዲያና ወዲህ አታገላብጥ። መቀየር የሚፈቀደው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። በአምስተኛው የተውከው ቀጠና ላይ ተቆልፎ ይቀራል።

ፍላሽ ይሻላል (ሀዋሳ)

ይህን ሁሉ ጣጣ አንብቤ ስጨርስ ደከመኝ። ቀጠና፣ ፊደል፣ ሪሞት፣ አምስት ጊዜ… የእህትህ ልጆች እውነታቸውን ነው። አንድ ፍላሽ የሻንጣውን ፊልም ግማሽ ይይዛል፣ ቴሌቪዥኑ ጎን ይሰካል፣ አለቀ። ፕላስቲክ መደርደር ለምን አስፈለገ? መደርደሪያ ለማሳመር ከሆነ መጽሐፍ አይሻልም?

ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር (አዲስ አበባ)

የሀዋሳው ልጄ፣ ፍላሽህ ላይ ያለው ፊልም ከየት ተቀድቶ እንደመጣ ታውቃለህ? አብዛኛው መጀመሪያ ከአንድ ዲስክ ላይ የተወሰደ፣ ከዚያ ቦታ እንዳይፈጅ የተጨመቀ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና የተጨመቀ ነው።

እኔ በወጣትነቴ ሲኒማ ቤት ፕሮጀክተር ላይ ሠርቻለሁ። ፊልም ያኔ በጥቅል በጥቅል ይመጣ ነበር፤ አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ያህል ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ማሽን ማሸጋገር ነው። መሸጋገሪያው መድረሱን የሚነግረን በሥዕሉ ቀኝ ላይኛ ጥግ ብልጭ የምትል ክብ ነጥብ ናት። የመጀመሪያዋ ስትታይ ሁለተኛውን ማሽን ታስነሣለህ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሁለተኛዋ ስትመጣ ትቀይራለህ። ተመልካቹ ልብ አይላትም፣ እኛ ግን ሌላ ነገር አናይም ነበር። አሁን አንዳንድ የድሮ ፊልም በዲስክ ሳይ ያቺ ነጥብ ጥግ ላይ ብልጭ ስትል እጄ ሳላስበው ይንቀሳቀሳል። ለዲስክ ብለው አጽድተው የሚያጠፏትም አሉ፤ ባይነኳት እመርጣለሁ።

ወደ «ሎውረንስ» ልምጣ። ያ ፊልም የተነሣው 65 ሚሊሜትር ወርድ ባለው ጥሬ ፊልም ላይ ነው፤ ከተራው ፊልም የሥዕሉ ስፋት ከእጥፍ በላይ ነው። ተዋናዩ ኦማር ሸሪፍ ከበረሃው ብርሃን ውስጥ ወደ ጉድጓዱ የሚመጣበት ቦታ አለ። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ከዚያ የሚንቀጠቀጥ ጥቁር ነገር ይታያል፣ ከዚያ ግመልና ሰው ይሆናል። በካሴት ያየሁት ጊዜ ጥቁሩ ነገር የታየኝ በጣም ዘግይቶ ነው። በዲቪዲ ትንሽ ቀደም አለ። በብሉሬይ ሳየው ግን አድማሱ ላይ ገና ክር ሳያክል አየሁት። ዳይሬክተሩ ተመልካቹን ያን ያህል ጊዜ ያስጠበቀው እኮ ለዚህ ነው! ፍላሽህ ላይ ያለውን ክፈትና ያንን ቦታ ፈልግ፤ ምን እንደምታይ ንገረኝ።

ፍላሽ ይሻላል (ሀዋሳ)

ጋሼ፣ ከፈትኩት። አሸዋና ሰማይ የተቀላቀለበት አራት ማዕዘን ካሬዎች ይታዩኛል፤ ከዚያ ድንገት ሰው በግመል ይመጣል። እሺ፣ ይህን አንዱን ሰጥቼዎታለሁ። ግን ኢንተርኔት ላይ በጥራት የሚከፈልበት አገልግሎት አለ አይደለም? ወር እየተከፈለ የሚታየው አራት ኬ ከዲስኩ በምን ያንሳል?

ጠጋኙ (መርካቶ)

በመረጃ ብዛት ያንሳል። ዲቪዲ ለሥዕል በሰከንድ ቢበዛ 9.8 ሜጋቢት ያፈስሳል። ብሉሬይ እስከ 40 ይደርሳል። የአራት ኬ ዲስክ ከ100 በላይ መሄድ ይችላል፤ መቶ ጊጋባይት የሚይዝ ባለ ሦስት ንብርብር ዲስክ ያለው ለዚህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው አራት ኬ በአብዛኛው ከ15 እስከ 25 ሜጋቢት ባለው ውስጥ ነው የሚመላለሰው። እውነት ነው፣ የዛሬው የመጭመቂያ ዘዴ ከዲቪዲ ዘመኑ በጣም የተሻለ ስለሆነ ቁጥር ብቻ አይፈርድም፤ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ቦታ ላይ ልዩነቱን ላታየው ትችላለህ። ጭስ፣ ዝናብ፣ ጨለማ፣ የሚንቀጠቀጥ ቅጠል ሲመጣ ግን ታየዋለህ። ያውም መሥመሩ ሳይቆራረጥ ከመጣ ነው።

የድምፁ ልዩነት ደግሞ ከሥዕሉ ይበልጣል፤ ጥሩ ስፒከር ካለህ ማለቴ ነው። በቴሌቪዥኑ ስፒከር ከሆነ የምትሰማው ተወው።

እመቤት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የአራት ኪሎው ወንድሜ፣ እህትህ ሰብስባ ያቆየችውን እዚህ አሜሪካ ያሉት ሰዎች እያወጡ እየጣሉት ነው፤ ለእኛ ለሰብሳቢዎቹ ግን ሠርግና ምላሽ ሆኖልናል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከመደርደሪያ ያወረዷቸውን ዲስኮች በሳንቲም ዋጋ ይሸጣሉ። ያገለገለ ዕቃ መሸጫዎችም ሞልተዋል። ኔትፍሊክስ በፖስታ ዲቪዲ መላኩን እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2023 ሲያቆም የመጨረሻዎቹን ዲስኮች አትመልሱ፣ የእናንተ ይሁኑ ብሎ ነበር። በ2024 ደግሞ ከትልልቆቹ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች አንዱ የሆነው ቤስት ባይ ዲስክ መሸጥ አቆመ። በሌላ በኩል ለሰብሳቢ ተብለው በጥንቃቄ የሚታተሙት እየበዙ ነው። ርካሹ ጠፋ፣ ውዱ በዛ ማለት ይቻላል።

ማጫወቻ ከዚህ ላስመጣ ላልከው፦ ስብስብህ የአሜሪካ ስለሆነ የአሜሪካ ማጫወቻ ይስማማዋል፤ «ሳሙራይ»ም ይከፈታል። ነገር ግን ከመላኩ በፊት እህትህ ጀርባውን ታንብብ። «100-240 ቮልት» የሚል ከሆነ ሶኬት ብቻ ይቀየርለታል። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ላይ በሰኩት ቀን ጭስ ነው የምታየው፤ የአክስቴን ልጅ ማጫወቻ እንዲህ አጥተነዋል።

ሌላም አለ። እዚህ የሚሸጡ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ በፓል የተቀዳ ዲስክ አይቀበሉም። ኢትዮጵያ ውስጥ የተዘጋጁ ፊልሞች በፓል ናቸው። እናቴ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝን የአማርኛ ፊልሞች ቤቴ ውስጥ ማየት ያልቻልኩት በዚህ ነው። ስለዚህ መርካቶ የገዛኸውን እንዳትሸጠው፤ ለአገር ቤቱ ፊልም እርሱ ያስፈልግሃል።

የአራት ኪሎው (አዲስ አበባ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓል የሚለውን አንድ ሰው ያብራራልኝ፤ ከቀጠናው ጋር አንድ ነው?

ጠጋኙ (መርካቶ)

አንድ አይደለም። ቀጠና ሆን ተብሎ የተሠራ አጥር ነው፤ ፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው። እኛና አውሮፓ በፓል አደግን፣ በሰከንድ 25 ሥዕል። አሜሪካና ጃፓን ኤንቲኤስሲ የሚባለውን ይዘው በሰከንድ 30 ገደማ ሆኑ። በአዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ላይ ይህ ልዩነት ብዙም አያስቸግርም፤ ሁለቱንም ይቀበላሉ። ችግሩ ማጫወቻው ላይ ነው፣ እህታችን እመቤት እንዳለችው።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። የሲኒማ ፊልም የሚነሣው በሰከንድ 24 ሥዕል ነው። ለፓል ዲቪዲ ሲያዘጋጁት ብዙ ጊዜ ዝም ብለው በ25 ያስሮጡታል። ስለዚህ አራት በመቶ ይፈጥናል። 207 ደቂቃ የሆነው «ሰባቱ ሳሙራይ» ስምንት ደቂቃ ያህል ያጥራል ማለት ነው፤ ምንም ሳይቆረጥበት! ካላስተካከሉት ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። ሰው «የእኔ ዲስክ ተቆርጧል» እያለ ይመጣብኛል፤ የተቆረጠ ነገር የለም፣ ሮጦ ነው።

ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር (አዲስ አበባ)

የተቆረጠም አለ እንጂ! ስለ ርዝመት ከተነሣ «ሜትሮፖሊስ»ን ሳላነሣ አላልፍም፤ የአራት ኪሎው ልጄ፣ ሳጥንህ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ሄደህ እይ።

ይህ ፊልም በ1927 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነበር። አልሸጥ ሲል ቆራረጡት። አሜሪካኖቹም ቆረጡት፣ ጀርመኖቹ ራሳቸውም ቆረጡት፤ የተቆረጠውም እንደ ቆሻሻ ተጣለ። ከዚያ በኋላ ሰማንያ ዓመት ዓለም ያየው ታሪኩ እዚህም እዚያም የጎደለበትን ቅጂ ነው። ገጸ ባሕርይ ይገባና የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ይቀራል።

በ2008 እ.ኤ.አ. ቦነስ አይረስ፣ አርጀንቲና ውስጥ ካለ የሲኒማ ሙዚየም መጋዘን አንድ ቅጂ ወጣ። ሳይቆረጥ በፊት ወደዚያ የተላከውን ፊልም ወደ 16 ሚሊሜትር ገልብጠው ያስቀመጡት ነው። የገለበጡት ሰዎች ጭረቱን እንኳ ሳያጸዱ ስለሠሩት፣ ጭረቱ አሁን የሥዕሉ አካል ሆኖ ቀርቷል፤ ምንም ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ አያወጣውም። በ2010 ተጠግኖ በርሊን ላይ ታየ።

ዲስኩ ላይ የተገኘው ክፍል ሲመጣ ማንም ሳይነግርህ ታውቀዋለህ። ሥዕሉ ድንገት ጠበብ ይላል፣ ከላይና ከጎን ጥቁር ይሆናል፣ ከላይ እስከ ታች ዝናብ የመሰለ ጭረት ይወርድበታል። ሁለት ደቂቃ ሄዶ እንደገና ጥርት ያለው ይመለሳል። ጠጋኞቹ ልዩነቱን አልሸሸጉም፤ እኔ በጣም የማከብራቸው ለዚህ ነው። ሰማንያ ዓመት የጠፋው የትኛው እንደሆነ እያየህ ነው የምታየው።

አሁን ሳጥኑን ገልብጥ። ወደ 150 ደቂቃ የሚል ከሆነ ሙሉው ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ የሚል ከሆነ ከ2008 በፊት የተጠገነው ነው፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ታሪኩ ይጎድላል። ሰማንያና ዘጠና ደቂቃ የሚል ርካሽ ከሆነ ለሌላ ሰው ስጠው። ወይም ተወው፣ አትስጠው።

የአራት ኪሎው (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ አየሁት። 148 ደቂቃ ይላል። ብሉሬይ ነው፣ ቀጠናው ግን ኤ። እህቴ አዋቂ ናት፤ ችግሩ እኔ ማጫወት የማልችለውን መላኳ ነው።

ከሪያድ (ሳዑዲ ዓረቢያ)

እኔ ስለ ጥራት ብዙ አላውቅም። እዚህ አገር ግን ለረጅም ጊዜ ሲኒማ ቤት አልነበረም፤ እንደገና የተከፈተው ሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ። ከዚያ በፊት ፊልም ለማየት አቅም ያለው ድልድዩን ተሻግሮ ባሕሬን ይሄድ ነበር። እኛ የጉልበት ሠራተኞች ዓርብ በእረፍታችን ባጥሃ ገበያ ወርደን ዲስክ እንገዛለን፤ አንድ ክፍል ውስጥ የምንኖር ሁሉ በየተራ እንመርጣለን። ሕንዶቹ የእነርሱን፣ ፊሊፒኖቹ የእነርሱን፣ እኛ ደግሞ ከአገር ቤት የመጣ ቪሲዲ (በሲዲ ላይ የተቀዳ ፊልም) ከተገኘ የእኛን።

ቪሲዲ የምታስታውሱ ካላችሁ፣ አንድ ዲስክ 74 ወይም 80 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ፊልሙ ለሁለት ይከፈላል። የሚከፈለውም ታሪኩ የትም ይድረስ የት ሰዓቱ ሲሞላ ነው። አባት ልጁን «እኔ እኮ…» ብሎ አፉን ሲከፍት ሥዕሉ ይጠፋል። ተነሥቶ ዲስክ የሚቀይረው ሰው ላይ ክፍሉ በሙሉ ይጮኽበታል። የአማርኛው ፊልም ሲሆን የግርጌ ጽሑፍ ስለሌለው ለክፍል ጓደኞቻችን እኛ እናስተረጉምላቸው ነበር፤ እንባ ሲመጣ ግን አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም ነበር።

እነዚያ ዲስኮች አሁንም አሉኝ። አንዳንዶቹ መጫወት ጀምረው መሃል ላይ ይቆማሉ። የሚድኑበት መንገድ አለ?

ቪዲዮ ቤት ነበረኝ (ደሴ)

ወንድሜ ከሪያድ፣ እኔ የምጽፈው ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ቆይቼ ነው።

ደሴ ላይ ካሴት አከራይ ነበርኩ፤ ከዚያ ቪሲዲ፣ ከዚያ ዲቪዲ፣ በመጨረሻ ሰው ፍላሽ ይዞ መምጣት ሲጀምር ሱቁን ዘጋሁ። እዚህ ላይ ስለ ኩሮሳዋና ስለ ጀርመኑ ፊልም የሚጻፈውን በደስታ እያነበብኩ ነው፤ ነገር ግን ለእነዚያ ፊልሞች የሚያለቅስላቸው አላጡም። ሙዚየም አላቸው፣ የሚጠግን ላቦራቶሪ አላቸው። በ1990ዎቹ በእኛ አቆጣጠር በቪዲዮ ካሜራ ተቀርጸው፣ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ታይተው፣ ከዚያ በቪሲዲ የተበተኑት የአማርኛ ፊልሞችስ? የሴሉሎይድ ኔጌቲቭ፣ ማለትም በጥሬ ፊልም ላይ የተነሣ ዋና ቅጂ፣ የላቸውም። አዘጋጁ ኮምፒውተር ላይ የነበረው ዋናው ቅጂ ከጠፋ፣ የቀረው ፊልም እናንተ መሳቢያ ውስጥ ያለው ዲስክ ነው።

አሁን ዲስካችሁን ገልብጡና ሥሩን እዩ። እንደ መስታወት ብር ከሆነ በፋብሪካ የታተመ ነው፤ ብዙ ዓመት ይቆያል። ወደ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ የሚያደላ ከሆነ በኮምፒውተር የተቀዳ ነው። ያኛው መረጃውን የሚይዘው በቀለም ላይ ነው፣ ቀለሙም በሙቀትና በፀሐይ ይደበዝዛል። መሃል ላይ የሚቆመው በዚህ ይሆናል። ዛሬ መቶ በመቶ የሚነበብ ካለ ዛሬውኑ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት፤ ለሚቀጥለው ዓመት አታሳድሩት።

ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ በቪሲዲ ላይ አደገኛው ጭረት ከታች ሳይሆን ከላይ፣ ሥዕሉ የተለጠፈበት በኩል ነው። መረጃው ያለው ከላዩ ሥር፣ ከስስ ቫርኒሽ በታች ነው። ከታች ያለው ጭረት ብዙ ጊዜ በትዕግሥት ይነበባል፤ ከላይ የተላጠው ግን ሄደ። ስለዚህ የተለጠፈውን ወረቀት ለመላጥ አትሞክሩ፣ በቀለም እስክሪብቶ አትጻፉበት። ዲቪዲ ይሻላል፤ መረጃው በሁለት ፕላስቲክ መሃል ነው የተቀበረው። ብሉሬይ ደግሞ መረጃው ከታች በኩል የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ገባ ብሎ ስለሚገኝ ጠንካራ ሽፋን ተደርጎለታል።

ፍላሽ ይሻላል (ሀዋሳ)

ጋሼ ከደሴ፣ መገልበጡ ሕገ ወጥ አይደለም? የፊልም ባለሙያዎቹ ስንት ዓመት የጮኹበት ጉዳይ ነው እኮ። እናንተም አከራዮቹ ብዙም ንጹሕ አልነበራችሁም።

ቪዲዮ ቤት ነበረኝ (ደሴ)

አልቆጣም፤ ከአከራዮቹ መካከል በሕገ ወጥ ቅጂ የከበሩ ነበሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን የታተመን ሥራ አንድ ሰው ለግል መጠቀሚያው በአንድ ቅጂ ቢገለብጥ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይናገራል። ያን ማለቴ ነው። ገልብጦ መሸጥ፣ ገልብጦ ኢንተርኔት ላይ መጫን ሌላ ነገር ነው። አዘጋጁን የምታውቁት ከሆነ ደግሞ ደውሉለት፤ የራሱን ፊልም ቅጂ የሚፈልግ አዘጋጅ አጋጥሞኛል።

እመቤት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የደሴው ጋሼ ያነሡት ልቤን ነካው። የተረፉም አሉን። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ነው። «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሠርቶ አከፋፋይ ሲያጣ ራሱ ከከተማ ከተማ እየዞረ አሳየው። ዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ከባለቤቱ ጋር የከፈቱት የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት አለ፤ ስሙም ሳንኮፋ ነው። ፊልሞቹን በዲቪዲ ሲሸጡ የኖሩት እዚያ ነው፤ እኔም «ጤዛ»ን የገዛሁት ከዚያ ነው። በ2021 «ሳንኮፋ» ተጠግኖ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ ዲስኩን ግን አልሰጥም። ዛሬ ያለው ፊልም ውሉ ሲያልቅ ከዝርዝሩ ላይ ይወርዳል፤ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ማንም አያወርደውም።

የአራት ኪሎው (አዲስ አበባ)

ደርሼበታለሁ። ጠጋኙ በሰጠኝ ቁጥር ዲቪዲዎቹ ተከፍተዋል፤ ትናንት ማታ ሁለት ፊልም አየሁ። ለብሉሬዮቹና ለአራት ኬዎቹ እህቴ ማጫወቻ ትልካለች፣ ጀርባውን አንብባልኛለች፣ 100-240 ይላል። ልጆቹ ከእኔ ጋር ተቀምጠው ጀመሩና መሃል ላይ ወደ ስልካቸው ሄዱ፤ ትንሿ ግን እስከ መጨረሻው ቆየች።

የደሴው ጋሼ ካሉት በኋላ እናቴ ቁም ሣጥን ላይ ያለውን የቪሲዲ ካርቶን አወረድኩት። አቧራ ነው። ምን ላድርገው? በምን ይጸዳል?

ጠጋኙ (መርካቶ)

መጀመሪያ አቧራውን እፍ በልበት፣ አትጥረገው፤ አቧራ ይዞ የሚጠረግ ጨርቅ አሸዋ ወረቀት ነው። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጣትህ አሽተህ እጠበው፣ ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ይዘህ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለህ ጥረገው። ዙሪያውን አትዙር። የተለጠፈ ወረቀት ያለበትን ውሃ አታስነካው፤ ሥሩን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ። ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወደዚያ አታስጠጋ።

አንድ ዲስክ ከቆመብህ ደጋግመህ አታስነሣው፤ ማጫወቻ ቀይርለት። የድሮ ቪሲዲ ማጫወቻዎች ጭረት ላይ ከአዲሶቹ ይልቅ ታጋሾች ናቸው፤ ሱቄ ውስጥ ሁለት አሉኝ። ካርቶኑን ይዘኸው ና፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሻላል፣ ጠዋት ሰው ይበዛል።

ከሪያድ (ሳዑዲ ዓረቢያ)

ለጥምቀት አገር ቤት እመጣለሁ። የእኔንም ይዤ ልምጣ?

ጠጋኙ (መርካቶ)

በሻንጣ ሳይሆን በእጅህ ያዝ። ዲስኮቹን በመሃላቸው ጨርቅ አድርገህ አቁማቸው፣ አታስተኛቸው።